ንፋስ ጨርቅ አያጥፍም

ሰው ስልኩ መዳፉ ላይ እየጮኸ ዝም ብሎ የሚያየው ምን ሲሆን ነው? ታምሞ ነው? የሰው ዓይን በልቶት ነው? ወይስ ልቡ ከቤት ወጥቶ ሄዶበት? እኔ ሀዲጃ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ቁርአንም ቀርቻለሁ፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። የልጅ ልጄን የሱራያን ፊት እያየሁ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ አጣሁ።

ምግብ ካስጠላት ዘጠኝ ቀን ሆኗት ነበር። ምግቡን በጣቷ ወዲያ ወዲህ ታደርገውና ሰሃኑን ትገፋዋለች። "ብዪ እንጂ ልጄ፣ ጨጓራሽ ይላጣል" ስላት "በልቻለሁ እማዬ" ትለኛለች። እሷ በላሁ ባለችው ጫጩት አይጠግብም።

ያ ስልክ ደግሞ የዋዛ ስልክ አይደለም፤ ሱቅ ነው። አባቷ፣ ልጄ ዘከርያ፣ ዲላ መሃል የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር አለው። ሱራያ ተመርቃ ሥራ ስትጠብቅ ያንን መደብር ቴሌግራም ላይ ከፈተችውና "ማብሪያ" አለችው። አምፖሉን፣ ሶኬቱን፣ ብሬከሩን ነጭ አንሶላ ላይ አስቀምጣ ፎቶ ታነሳለች፤ ዋጋውንም ከሥሩ ቁልጭ አድርጋ ትጽፋለች። "ዋጋ በውስጥ መስመር የሚል ነጋዴ ደንበኛውን ደጅ ያስጠናል" ትላለች። ዕቃው ለይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ለኢዲዶ በሞተር ይሄዳል። ለእኔ ተአምር ነው። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ያንን አገር በበቅሎና በእግሩ ነበር የሚያዳርሰው። እሷ ግን ፍራሽ ላይ እግሯን አጣጥፋ እንደተቀመጠች አሪቻ ትደርሳለች።

"ማብሪያ"ን ሰው የወደደው ግን በዕቃው አይደለም። በሙንተሲር ድምፅ ነው።

ሙንተሲር የመብራት ባለሙያ ነው። ደንበኛ "ብሬከር ላኩልኝ" ሲል ሱራያ ወዲያው አትሸጥለትም፤ "መጀመሪያ ምን ሆነብዎ?" ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ሙንተሲር በድምፅ ይመልሳል። ይህን አጥፉ፣ ያንን ንቀሉ፣ ከዚህ በላይ ግን አትንኩ፣ ባለሙያ ጥሩ ይላል። ግማሹ ሰው ምንም ሳይገዛ ችግሩ ይፈታለታል። ዘከርያ መጀመሪያ ላይ "መድኃኒቱን በነፃ አድላችሁ ጠርሙሱን ለማን ልትሸጡ ነው?" እያለ ይበግን ነበር። ሰው ግን የማይዋሸው ሱቅ ካገኘ ሌላ ቤት አይዞርም። ይኸው አራት ሺህ ሰው ተከተላቸው።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። አያት ምን ሥራ አላት፤ ማየት ነው ሥራዋ። ሙንተሲር መሰላል ላይ ሆኖ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ ሱራያ ሳትጠየቅ ካቻቢቴውን ታስቀምጥበታለች። ፒንሳ ሲፈልግ ፒንሳ፣ ናስትሮ ሲፈልግ ናስትሮ። ምን እንደሚፈልግ ከጀርባው ታነባለች። አንድ ቀን ጣቶቻቸው ተነካኩ። ሁለቱም እኩል "ይቅርታ" አሉ፤ ሁለቱም እኩል ዝም አሉ። ያ ዝምታ ከሽቦው ይበልጥ አስፈራኝ።

ለምን እንዳስፈራኝ ልናገር። የሙንተሲር አባት ሙሐሲን ለባለቤቴ ሃያ ዓመት ሲሚንቶና ብረት ከመኪና ወደ መጋዘን የተሸከመ ሰው ነው። በጓሮ በር ገብቶ በጓሮ በር የሚወጣ። ወገቡ የተጎዳው በእኛ ጭነት ነው። ያኔ ስኳርና ዘይት ላክንለት እንጂ ሄደን አልጠየቅነውም። ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ የእንጨት ድልድይ ተሻግሮ ነው፤ መኪና አይገባም። ዘከርያ ደግሞ መስጊድ እንኳ በመኪና የሚሄድ ሰው ነው።

ኤሌክትሪኩንም ራሱን እፈራዋለሁ። የማይታይ ነገር ግድግዳ ውስጥ ተኝቶ፣ ሲነኩት ብቻ የሚነቃ፤ ይህ ጂን ካልሆነ ምንድን ነው? እናም ቤቴን በአቅሜ እጠብቃለሁ። ሰማይ ሲያጉረመርም ቴሌቪዥኑን እነቅላለሁ። ጓሮ በረንዳ ላይ የውሃው ፓምፕ የሚሰካበትን ሶኬት ደግሞ፣ ዝናብ እንዳይነካው ብዬ፣ በፌስታል ጠቅልዬ በአሮጌ ሻሼ ቅዳጅ ጥብቅ አድርጌ አስረዋለሁ። ከቤተሰቡ ከእኔ በቀር ወደዚያ የሚሄድ የለም። አንዳንዴ ፌስታሉ ጠፍቶ ይቆየኛል፤ ቅዳጁን መስኮቱ ደፍ ላይ ታጥፎ አገኘዋለሁ። "ይሄ ንፋስ!" እልና በአዲስ ፌስታል እንደገና አስራለሁ።

ዝናብ በመጣ ቁጥር መብራታችን ይጠፋ ጀመር። ሙንተሲር ይጠራል፤ ይመጣል፤ ጓሮ ደርሶ ይመለሳል። "እርጥበት ነው እማማ፣ አያስቡ" ይለኛል። ክዳን ያለው ሶኬትም ገጠመልን። እኔ ክዳኑን አላመንኩትም፤ ከነክዳኑ ጠቀለልኩት። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ይጠፋል፤ ደግሞ ይመጣል። እሱ በመጣ ቀን ሱራያ ሻሿን እንደምትቀይርም አየሁ። ሁለቱን ነገር ልቤ ውስጥ አንድ ላይ ቋጠርኳቸው።

ነገሩ የፈነዳው ሐጂ ከማሉዲን ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ለሙንተሲር ልጃችሁን ስጡን ሊሉ የመጡ ቀን ነው። ዘከርያ አንገቱን ደፍቶ ቃል ሲመርጥ ዝናቡ ጣራውን መታው፤ መብራቱም እልም አለ። ገና ቀን ቢሆንም ደመናው ሳሎኑን አጨለመው። ደነገጥኩ። ስደነግጥ ደግሞ አፌ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል።

"ያውላችሁ!" አልኩ። "ዛሬም አጠፋብን! ይህ ልጅ መብራቴን እያበላሸ የሚመላለሰው ልጄን ለማየት ነው። በሐቅ ለማይሠራ እጅ ልጅ አይሰጥም!"

ሐጂ ከማሉዲን መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "እትዬ ሀዲጃ፣ ይህ ከባድ ቃል ነው። የሰው እንጀራ ላይ ነው የወደቀው።"

ዘከርያ ግን ሲፈልገው የነበረውን ምክንያት ከእኔ አፍ አገኘ። "ሰማችሁ አይደል?" አላቸው።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ዘከርያ ብሬከሩን አንስቶ መብራቱን ከመለሰ በኋላ፣ ሙንተሲር መሰላሉን ሊወስድ መጣ። በመስኮት ነበር የማያቸው። ሱራያ በሩ ላይ ቆማ "እውነት ነው?" አለችው። ዓይኗን አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መሰላሉን ልክ አባቱ ብረት እንደሚያነሳው አድርጎ ትከሻው ላይ ጫነና ሄደ።

ወሬ እግር አያጣም። መብራት አበላሽቶ ይመላለሳል የተባለን ባለሙያ ማን ቤቱ ያስገባዋል? የያዘው ሥራ ሁሉ አንድ በአንድ ቀረበት። "ማብሪያ"ም ድምፅ አልባ ሆነ። ደንበኞቹ ከኢዲዶም ከጪጩም "መምህር የት ጠፋ?" እያሉ ስለ ሙንተሲር ይደውላሉ፤ ሱራያ ስልኩን ታየዋለች።

በዘጠነኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ተደፋ። ዘከርያ ዕቃ ሊያመጣ ሀዋሳ ሄዷል። ገና ዝናቡ ከመጠንከሩ መብራቱ ድርግም አለ።

"ያው ጠፋ!" አልኩና ቀኑን ቆጠርኩ። ሙንተሲር እኮ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደጃችንን አልረገጠም። ታዲያ ማን አጠፋው?

አስተግፊሩላህ።

"ሱራያ፣ ያንን ስልክ አምጪው።"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ዝናብ ሲዘንብ ስለሚጠፋ መብራት የተናገረው ነገር የለም?"

ፊቴን አየችኝ። ከዚያ በጣቷ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ብዙ ወር ወደ ኋላ ሄደችና ከፈተችው። መጀመሪያ የወጣው የራሷ ሳቅ ነው። ስትሰማው ከንፈሯን ነከሰች።

"እሺ መምህር፣ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚጠፋ መብራት ምን ይባላል?"

"ዝናብ ፈሪ።"

"ኧረ ቁም ነገር ነው የጠየቅኩህ!"

"እኔስ ምን አልኩ? የሆነ ቦታ ውሃ ገብቷል። ዋናው ብሬከር ደግሞ ሰው እንዳይነዝር ብሎ ይወድቃል። አትርገሙት፤ ዘበኛችሁ ነው። እጃችሁን አድርቁ፣ ደረቅ ጫማ አድርጉ። ትንንሾቹን ብሬከሮች በሙሉ ወደ ታች። ከዚያ ዋናውን አንሱ። ትንንሾቹን አንድ በአንድ መልሱ። ዋናውን ይዞት የወደቀው፣ የታመመው መስመር እሱ ነው።"

"አቁሚው" አልኳት። "እኔ ነኝ የማደርገው።"

"አንቺ? እማዬ፣ አንቺ እኮ የአምፖል ማብሪያ እንኳ በክርንሽ ነው የምትጫኚው!"

"ዝም በይና ባትሪውን አብሪልኝ።"

ያንን የብሬከር ሳጥን በሕይወቴ ከፍቼው አላውቅም። ቢስሚላህ ብዬ ክዳኑን አነሳሁት። ውስጡ በሙንተሲር እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ከእያንዳንዱ ብሬከር በላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሳሎን። ኩሽና። ጓሮ። "የእማማ መኝታ።" ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው። በዚህ ቤት ዓይኑ የደከመ ከእኔ ሌላ ማን አለ? እንደማልከፍተው እያወቀ፣ አንድ ቀን ብከፍተው ብሎ ለእኔ ዓይን ጽፎታል።

ሁሉንም አወረድኩ። ዋናውን አነሳሁ፤ ቆመ። ሳሎንን አነሳሁ፤ ሳሎኑ በራ። ያ ረቢ፣ ከእኔ ከፈሪዋ እጅ ብርሃን ወጣ! ኩሽናን አነሳሁ፤ በራ። መኝታዬን አነሳሁ፤ በራ። ሱራያ ሳታስበው ትከሻዬን ይዛኛለች። የመጨረሻውን ነካሁት።

ቷ! ቤቱ ተመልሶ ጨለመ።

"ጓሮ" አለች ሱራያ በሹክሹክታ።

ዋናውን እንደወደቀ ትተን ወጣን። ዝናቡ ከጣራው ጠርዝ በግዴለሽነት ይወርዳል። ሶኬቱ እንዳሰርኩት አለ። ፌስታሉ እንደ ጡት ተንጠልጥሏል፤ ሆዱ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ይወዛወዛል። የራሴን ቅዳጅ አየሁ፤ የራሴን ቋጠሮ አየሁ። ስፈታው ውሃው በክንዴ ወርዶ እጅጌዬን አራሰው።

"ይሄን ማን አሰረው?" አለች ሱራያ።

ቅዳጁን በመዳፌ ጨበጥኩት። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ለመስማት የቆመውን ድምፅ ቀጠለችው። ሙንተሲር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

"አንዲት እናት አውቃለሁ። ቤታቸውን ከመውደዳቸው የተነሳ የውጭውን ሶኬት በፌስታል ይጠቀልሉታል። ፌስታል ግን ላብ ይሰበስባል፤ የገባ ውሃም አያስወጣም። እንዲህ ያለ ካጋጠማችሁ አትቆጧቸው። ከዋናው አጥፍታችሁ ፍቱት፤ እስኪደርቅ ታገሱ። ማሰሪያቸውን ግን አትጣሉባቸው፤ አጥፋችሁ አስቀምጡላቸው። የሚያስሩት የሚወዱትን ነው።"

"ማን ናቸው?" ትላለች ድምፁ ውስጥ ያለችው ሱራያ እየሳቀች።

"አልናገርም። ያፍራሉ።"

ከስምንት ወር በፊት የተላከ ነው።

መስኮቱን ያዝኩ። ያ ደፍ፣ ቅዳጄን ስንት ጊዜ ያገኘሁበት ደፍ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ፣ ደርቆ ነበር የማገኘው። ንፋስ ጨርቅ ይጥላል፣ ይወስዳል፤ ንፋስ ጨርቅ አያጥፍም። እንዴት ይህን አላሰብኩም? ስንት ጊዜ መጥቶ ጥፋቴን በእጁ ፈታ፣ አደረቀ፣ አጥፎ አስቀመጠልኝ። እኔ ሐቅ የለውም ስለው እንኳ አንድ ቃል አልወጣውም። ሰው እንዲህ ይሆናል? በዚህ ዘመን፣ በዚህ ከተማ፣ በጓሮ በራችን ሲገባ ሲወጣ የኖረ ሰው ልጅ? እርጥቡ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሱራያም አጠገቤ ተቀመጠች። "እኔም ጠየቅኩት" አለች። "እኔም እውነት ነው ወይ አልኩት፣ እማዬ።" ቅዳጁን ጨምቄ ኪሴ ከተትኩት።

"ሰው ሁሉ እንዲሰማው የሚናገሩት በየት በኩል ነው?" አልኳት በኋላ።

"ለእሱ ብቻ ላኪለት። እዚያ እኮ አራት ሺህ ሰው አለ።"

"ስሙን ያጠፋሁት ለብቻው ጠርቼ ነው?"

ስልኩን አቀበለችኝ። እዚህ ተጫኚ፣ እንዳትለቂው አለችኝ። ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

"አሰላሙ ዓለይኩም። ሀዲጃ ነኝ፤ የዘከርያ እናት። ሙንተሲር ሙሐሲን መብራት እያበላሸ ይመላለሳል ብዬ በሽማግሌ ፊት ተናግሬያለሁ። ውሸት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በፌስታል። እሱ እያወቀ እኔ እንዳላፍር ብሎ ዝም አለ። ልጄ ሙንተሲር፣ አፉ በለኝ። በራችሁን የዘጋችሁበትም በእኔ ሰበብ ነውና ክፈቱለት።"

ስለቀው ስልኩ መጮህ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ድንቅነሽ የምትባል የኢዲዶ ደንበኛ ናት። "ውይ እትዬ፣ እኔም ጠቅልያለሁ! ልፈታ እየሮጥኩ ነው!" ሌላው ከሥሯ "ኧረ ዋናውን አጥፊ መጀመሪያ፣ ሴትዮ!" አላት። ሱራያ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ። ከእሱ መልስ የለም። ዝናቡ አባራ፤ ከእሱ መልስ የለም።

ዓሥር ሰዓት ሲሆን መልሱ መጣ። አንድ መስመር ነው።

"እማማ፣ የጓሮው ሶኬት ሳይደርቅ ያንን ብሬከር እንዳያነሱት። እስከ ነገ ይቆይ።"

ስለ ስሙ፣ ስለ ቀረበት ሥራ፣ ስለ ይቅርታዬ ምንም የለም። እንዳልነዘር ብቻ ነው ያሰበው። ስልኩን ደረቴ ላይ ይዤ አለቀስኩ።

ለሱራያ ደግሞ ለብቻዋ ጽፎላት ነበር። አነበበችልኝ፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። "ሱራያ፣ የከፋኝ ስለጠየቅሽኝ አይደለም። አፍሽ ሳይጠይቅ ዓይንሽ ፈርዶብኝ ስለነበር ነው። ብናገር እማማን አሳፍራለሁ፤ ዝም ብል አንቺን አጣለሁ። ሁለቱን እያየሁ መሰላሉን አነሳሁ።"

"እማዬ፣ ያንን ዓይኔን እንዴት አድርጌ ልመልሰው?"

"በዓይን የፈረደ በዓይን ነው የሚታረቀው" አልኳት። አልኳት እንጂ፣ ዓይን ለዓይን የሚያገናኛቸውን በር የያዘው ሌላ ሰው ነው።

እሱም መጣ። ዘከርያ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

"እናቴ፣ ዲላ ከገባሁ ጀምሮ ሦስት ቦታ አስቁመው ያንቺኑ ድምፅ አሰሙኝ።"

"ደግ አደረጉ።"

"እሺ፣ ልጁ ንጹሕ ነው። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከፈለገ መደብሩ ውስጥ ሥራ እሰጠዋለሁ። ልጅ መስጠት ግን ሌላ ነው! ሰው ምን ይለኛል? ዘከርያ ልጁን ለተሸካሚው ልጅ ሰጠ ይበሉኝ?"

ሱራያ ከጓዳ ወጥታ ፊቱ ቆመች። ስትፈራ የምታደርገውን አውቃለሁ፤ የሻሿን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ያን ቀን እጆቿ ዝም ብለው ነበር።

"አባዬ፣ ከፈቃድህ አልወጣም፤ አልጠፋብህም። 'ማብሪያ'ን ግን እዘጋዋለሁ።"

"ይሄን ሁሉ ሰው ሰብስበሽ? ለምን?"

"በየቀኑ 'ምን ሆነብዎ?' እያልኩ ሰው እጠይቃለሁ። የራሴን ቤት ሳልጠይቅ ፈርጄ፣ ከእንግዲህ ሰውን ለመጠየቅ አፌ እሺ አይለኝም።"

"ይቺ ልጅ!" ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ እንድረዳው። ዕድሜዬን ሙሉ የረዳሁት እሱን ነው። ተነስቼ ቅዳጁን ከኪሴ አወጣሁ፤ ሙንተሲር እንደሚያጥፈው አራት ማዕዘን አድርጌ አጠፍኩና ከቁልፉ አጠገብ አስቀመጥኩት።

"አባቱ ሲሚንቷችንን ተሸከመ፤ ወገቡ ተጎዳ፤ ስኳር ላክንለት። ልጁ ደግሞ ጥፋቴን ተሸከመ፤ ስሙ ተጎዳ፤ ሥራ እሰጠዋለሁ ትለኛለህ። ዘከርያ፣ እኛ እኮ ከዚያ ቤት ትከሻ ላይ አንድ ቀን ወርደን አናውቅም።"

ልጄ ሃምሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ፊቱን ግን እንደዚያ ያየሁት በልጅነቱ፣ የሰው ዕቃ ሰብሮ ሲመጣ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጨርቁን አነሳው፤ ገለበጠው፤ ዘረጋው፤ ባጠፍኩበት መስመር መልሶ አጠፈው። እኔ ዱዓዬን በሆዴ አደርጋለሁ፤ አንዱን ጀምሬ ከሌላው ጋር እያምታታሁ።

ተነሳ። በረንዳው ላይ የቆዳ ጫማውን አውልቆ የጭቃ ቦቲውን ሲያጠልቅ ሰማሁ። የበሩ መወርወሪያ ተከፈተ። ወደ መስኮቱ ስንሮጥ ጀርባውን ብቻ አየነው፤ ሽማግሌ እንደሚሄደው አንገቱን ትንሽ ደፋ አድርጎ፣ በእግሩ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ፣ ወደ እንጨት ድልድዩ።

ጠረጴዛው ላይ የመኪናው ቁልፍ እንዳለ ነው። ቅዳጁ የለም።